ስፌት የሚበላው

የእታለምን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ያረምሁበት ቀን ትዝ ሲለኝ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። አምስት ጥያቄ ነበር የሰጠኋት። አምስቱም ላይ የስህተት ምልክት አደረግሁ፤ ያውም በቀስታ አይደለም፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ጫን እያልሁ፣ በሰው ፊት። የታረመችው ደግሞ ከክፍል ተማሪዎቼ አንዷ ሳትሆን፣ ልጅ ሳለሁ እጄን ይዛ «ሀ በል» ያለችኝ ታላቅ እህቴ ናት።

እታለም የምላት እሷን ነው። በእኛ በኩል ታላቅ እህት በስሟ አትጠራም። የተወለድነው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ሲሆን ቤተሰባችን የአዊ ዘር ነው፤ እናታችን ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስትቆጥር በአገውኛ ነበር። አባታችንን አላስታውሰውም። እናታችን የሞተችው እኔ ስድስት ዓመቴ፣ እታለም አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። እታለም ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። የፈተናው ቀን ወንበሯ ባዶውን ዋለ። እሷ በዚያ ቀን እኔን አስከትላ ፍኖተ ሰላም ገብታ፣ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ደጅ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር።

የሰፊውን ዓይን እርጅና ሲይዘው ሱቋ የእሷ ሆነች። ከገጠር ለሚመጣው ገበሬ የካኪ ቁምጣ፣ ለቀሳውስቱ እጀ ጠባብ፣ ለተማሪው ዩኒፎርም ትሰፋለች። የእኔንም ዩኒፎርም የሰፋችው እሷ ናት። የሱሪዬ እግር ሥር አራት ጣት ያህል እጥፋት ትታበት ነበር፤ መስከረም በመጣ ቁጥር ትተረትርና አንድ ጣት ታወርድልኛለች። እጥፋቱ የነበረበት ቦታ ቀለሙ ስለማይለቅ ሱሪዬ ከታች በኩል መስመር በመስመር ነበር። ልጆቹ መስመሩን እየቆጠሩ ሱሪው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይነግሩኛል፤ እኔም ቤት ስገባ እሷን አኮርፋታለሁ። አኩርፌ ሳልበላው ያደርሁትን ራት ሁሉ አሁን ብበላው ደስ ይለኝ ነበር።

እንዲህ አድርጋ አስተምራኝ መምህር ሆንሁ። የማስተምረው ሒሳብ ነው፣ እዚያው ፍኖተ ሰላም። ትዕግሥተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። ተማሪዎቼ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ፊቴን አይተው የዕለቱን አየር ይነግሩሃል።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ኮት ልትሰፋልኝ ትከሻዬን እየለካች፣ መርፌ በአፏ እንደያዘች፣

«ተመዘገብሁ እኮ» አለችኝ።

«ምን ላይ?»

«ስምንተኛ ላይ። ቅዳሜና እሁድ ትልልቅ ሰው የሚማርበት አለ አይደል።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። «አሁን በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» አልኋት።

መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ምንም አያድርግልኝ። ያን ቀን ባዶውን የዋለው ወንበሬ ላይ ልቀመጥበት ነው፤ በቃ።» ከዚያ ሜትሯን በደረቴ ዙሪያ አዞረችና ተነፈስ ብላ አዘዘችኝ።

ሌላውን ትምህርት ሁሉ ያለ እኔ ትወጣው ነበር። ያስቸገራት አልጀብራ ነው፤ በተለይም ሁለት ነገር ብቻ ያለበትን መግለጫ ፋክተር ማድረግ። ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ወደ ሱቋ እየሄድሁ፣ እሷ የስፌት መኪናውን ክዳን ጠረጴዛ እያደረገችው እናጠና ጀመር።

መጀመሪያ ያስተማርኋት የጋራውን ማውጣት ነው። ሁለቱም ውስጥ ያለውን ፈልጊ፣ እሱን ከቅንፍ ውጭ አውጪው፣ የተረፈውን ቅንፍ ውስጥ ተዪው። ስድስት ኤክስ ሲደመር ዘጠኝ፤ ስድስትም ውስጥ ዘጠኝም ውስጥ ሦስት አለ። ሦስቱ ይወጣል፤ ቅንፉ ውስጥ ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት ይቀራል። ጎንበስ ብላ አየችውና፣

«አባትና ልጅ ካንድ ጣቃ ቁምጣ ሲያዙ ማለት ነዋ» አለች።

የትእዛዝ መዝገቧን አምጥታ አሳየችኝ። እውነትም አባትና ልጅ ከአንድ ጨርቅ ካዘዙ ካኪውን አንድ ጊዜ ትጽፈዋለች፤ ከዚያ ቅንፍ ከፍታ የአባቱን ልክ፣ መደመር፣ የልጁን ልክ። ለካ እህቴ እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ጀምሮ ፋክተር ስታደርግ ኖራለች። በዚያን ዕለት ከሱቋ የወጣሁት ደረቴን ነፍቼ ነው፤ የተማረች እሷ፣ የኮራሁት እኔ።

ከዚያ የሁለት ስኩዌር ልዩነት መጣ። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ዘጠኝ። ሁለቱም ስኩዌር ከሆኑና መሃላቸው መቀነስ ካለ የየአንዳንዳቸውን ሥር ትወስጃለሽ፤ አንድ ጊዜ ትቀንሺያቸዋለሽ፣ አንድ ጊዜ ትደምሪያቸዋለሽ፣ ሁለቱን ታባዣለሽ። ኤክስ ሲቀነስ ሦስት፣ ሲባዛ በኤክስ ሲደመር ሦስት። አለቀ።

«ለምን?» አለች።

«ሕጉ ነዋ።»

«እኮ፣ ሕጉ ለምን እንደዚያ ሆነ?»

አባዝቼ አሳየኋት። መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ ሲጣፉ፣ ዳርና ዳር ያሉት ሲቀሩ በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋት። ራሷን ነቀነቀች። «ይሄማ ሲተረተር ነው ያየሁት። ሲሰፋ አላየሁትም» አለች። እኔ ግን ቸኩያለሁ፤ «አንቺ ዝም ብለሽ በቃልሽ ያዢው» ብያት ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ነው እንግዲህ ጉዱ የመጣው። እጀ ጠባባቸውን ሊወስዱ የመጡ አንድ አዛውንት መሪጌታ ጥግ ላይ ተቀምጠው ቁልፉ ተተክሎ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ደብተሯን ተቀብዬ አየሁት። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ዘጠኝ ለሚለው፣ ኤክስ ሲቀነስ ሦስት ሲባዛ በኤክስ ሲደመር ሁለት ብላ ጽፋለች። ሁለት! አሥር ስኩዌር ሲቀነስ አራት ስኩዌር ለሚለው ደግሞ ስድስት ሲባዛ በአሥራ ሦስት፣ ሰባ ስምንት። ሰባት ስኩዌር ሲቀነስ ሁለት ስኩዌር፣ አምስት ሲባዛ በስምንት፣ አርባ። ሁሉም እንደዚያው ነው፤ መቀነሱ ልክ፣ መደመሩ በአንድ የጎደለ።

«ሁለቱን ከየት አመጣሽው?» ጮህሁ። «አሥራ ሦስትስ? አሥርና አራት ስንት ነው? መቶ ላይ አሥራ ስድስት ሲነሣ ሰማንያ አራት መሆኑን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያውቀው የለም እንዴ!»

«እሱማ እኮ…» ብላ ጀመረች።

«እሱማ እኮ የለም! ሺህ ጊዜ ነገርሁሽ!» አልሁና በቀዩ እስክሪብቶ ያልሁትን ሥራ ሠራሁ።

እታለም ደብተሯን ዘጋች። የመሪጌታን እጀ ጠባብ የመጨረሻ ቁልፍ ተከለች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ አጥፋ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር፣ «ይቅር በቃ» አለች። «ፈተናውም ይቅር።»

ድምጿ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ወጥቼ ሄድሁ። አስፋልቱ ዳር ጋሪና ባጃጅ እስኪያልፍ ስጠብቅ መሪጌታ ከኋላዬ ደረሱብኝ።

«መምህር ነህ ሲሉ ሰማሁ» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«እኔም ነኝ።» ትንሽ አብረውኝ ቆሙ። «እኛ ዘንድ ተማሪ ዜማ ሲያበላሽ መምህሩ መጀመሪያ ድገመው ይለዋል። የቱ ላይ እንደሳተ ሳይሰማ ምኑን ያቃናለታል? አንተ ግን እህትህን አላስደገምሃትም። መሳቷን ብቻ ነገርሃት።»

«አንቱ ደግሞ ሒሳብ እኮ ዜማ አይደለም» አልኋቸው። አፌን ያዝ ባደርገው ምን ነበረበት። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው እጀ ጠባባቸውን በብብታቸው አቅፈው ተሻገሩ።

ለፈተናው ስንት ቀን እንደቀረ ቤቴ ገብቼ ነው የቆጠርሁት። ሦስት ሳምንት። ያኔም የቀራት ሦስት ሳምንት ነበር። ያን ጊዜ የቀረችው እኔን የሚያበላኝ ሰው ስለሌለ ነው፤ አሁን ደግሞ የምትቀረው እኔ ስለጮህሁባት ነው። እህቴ ሁለት ጊዜ ከዚያ ወንበር ልትቀር ነው፤ ሁለቱም ጊዜ በእኔ። ይህ ሲገባኝ የተቀመጥሁበት ቆረቆረኝ።

እንደዚያም ሆኖ ኩራት መጥፎ ነገር ነው፤ ሦስት ቀን በሱቋ በኩል ሳልሄድ በወዲያኛው ጠርዝ አለፍሁ። በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ገባሁ። መኪናው ላይ ናት፤ ስፌቱን በእናታችን ቋንቋ ለራሷ ትቆጥራለች። ሳያት የእናታችን ድምፅ ሱቁ ውስጥ ያለ መሰለኝና ይዤው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«እታለም፣ ድገሚልኝ» አልኋት።

«ምኑን?»

«ስድስት ሲባዛ በአሥራ ሦስትን። እንዴት እንዳመጣሽው አሳዪኝ። አልናገርም።»

እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ።  የመኪናውን መሳቢያ ሳብ አድርጋ አንድ ነጭ ጨርቅ አወጣች።

«የመሪጌታ ትራፊ ነው» አለች። ማንም ቢሆን ጨርቅ አምጥቶ ካሰፋ፣ የተረፈችውን ብጣሽ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ከትታ ነው የምትመልሰው፤ ክር የማታስቀር ሰው ናት። «ለሒሳብ ነው ብዬ ለምኛቸው ነው። ከእኔ ኪስ እዚያ ይሻለዋል አሉኝ።»

በጠመኔ አሥር በአሥር ሳንቲሜትር ለካችና ቆረጠች። ከአንዱ ማዕዘን አራት በአራት አውጥታ ለብቻው አስቀመጠችው። «ይኸው፤ ከአሥር ስኩዌር ላይ አራት ስኩዌር ተቀነሰ። የቀረኝ ይህ ነው።» የቀራት ጨርቅ ማዕዘኑ የተገመጠ ነው። «ይህን ይዞ ምን ይሠራል? ምንም። ስለዚህ እዚህ ጋ እቆርጠዋለሁ።» በመቀሱ ለሁለት ከፈለችው፤ አንዱ ቁራጭ ስድስት በአሥር፣ አንዱ ስድስት በአራት ሆነ። ትንሹን አዞረችና ከትልቁ ጫፍ አጋጠመችው። የሁለቱም ወርድ ስድስት ነው፤ ልክክ አለ።

አሥርና አራት፣ ቁመት። አሥር ሲቀነስ አራት፣ ወርድ።  ያን ሕግ ለሰባት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ አንድም ቀን እንዲህ ዓይኔ ሥር ተዘርግቶ አይቼው አላውቅም። «ሲሰፋ አላየሁትም» ያለችኝ ይህን ነበር።

ከዚያ ሁለቱን ቁራጭ መኪናው ላይ አድርጋ ዘጭ ዘጭ አድርጋ ሰፋቻቸው። ሜትሯን ዘረጋችበት። አሥራ ሦስት።

«ያው» አለች። «ግማሽ ከዚህ፣ ግማሽ ከዚያ ስፌት በላው። ሰማንያ አራት መሆኑንማ መች አጣሁት? ስድስቱ የስፌት ነው። ልነግርህ ስል ነው የጮህህብኝ።»

መሳቅ ጀመርሁ። ሳቄ አላቆም ሲል ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የቱ የሳቅ የቱ የሌላ እንደሆነ እኔም አላውቅም። «እታለም» አልኋት፣ «ወረቀት ላይ እኮ ስፌት አይበላም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ታዲያ በምን ይያያዛል?»

«ዝም ብሎ ይያያዛል።»

«አየ! የናንተ ወረቀት!» አለችና እሷም ሳቀች። ያን ወረቀት ትንሽ እንደናቀችው ያስታውቃል። ግን ደብተሯን አውጥታ አምስቱንም ጥያቄ እዚያው ሠራቻቸው፤ አምስቱም ልክ። ቀጥላ ያን አራት በአራት ብጣሽ ከሌላ ትልቅ ካሬ ጎን አስቀመጠችና፣ «መቀነስ ሳይሆን መደመር ቢሆንስ? ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አሥራ ስድስት?» አለችኝ። እስቲ ሞክሪው አልኋት። ትንሹን ብታዞረው፣ ትልቁን ብታዞረው አልገጥም አላት። «ይህ አይወጣለትም» አለች። አይወጣለትም፤ እንዳለ ትተዪዋለሽ አልኋት። እኔ ይህን ለማሳመን ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል።

ብጣሹን ወደ መሳቢያው ስትመልስ ነው ከሥሩ አሮጌ ደብተር ያየሁት። ሽፋኑ የለም። አነሣሁት። የመጨረሻው የሒሳብ ገጽ ላይ፣ የልጅነት ጽሑፏ ነው፣ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ዘጠኝ እኩል ይሆናል ይላል። ከእኩል ይሆናል በኋላ ምንም የለም። ገጹን ስገልጥ ሀ ሁ ሂ ይጀምራል፤ ጠማማ፣ መስመር የማይጠብቅ፣ አንዱ ሀ የደብተሩን ግማሽ የሚያክል። የእኔ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ በተረፈው ወረቀቷ ላይ ነበር።

«ተወው እሱን» ብላ ከእጄ ወሰደችው።

የፈተናው ቀን እስከ በሩ ድረስ ሸኘኋት። የአሥራ አራት ዓመት ልጆች መሃል ነጠላዋን አመቻችታ ቆማለች፤ የግማሾቹን ሱሪ የሰፋችው እሷ ስለሆነች ዓይኗ እግራቸው ሥር ነው። አንዱን ልጅ ጠርታ፣ «አንተ፣ ይህ ይወርድልሃል፤ ፈተናው ሲያልቅ አምጣው» ስትለው ሰማኋት። ከዚያ ገባች። እኔ ዘበኛው ሁለት ጊዜ ቢያባርረኝም ከአጥሩ አልራቅሁም። ተማሪዎቼ ሲፈተኑ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«እህሳ?» አልኋት።

«አንዱ ላይ እጄ ለስፌት ሊቀንስ ሲል ያዝሁት» አለች።

ማለፏን የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በዚያን ቀን ግን ለእኔ ነገሩ ያለቀ ያህል ነበር። ተቀምጣበታለች። እየተራመድን ወደ ሱቋ ሄድን። በሩን ከፍታ ነጠላዋን ስትሰቅል፣ ስንት ዓመት አፌ ላይ የነበረውን ተናገርሁት።

«እኔ ባልኖር ኖሮ ያኔ ትፈተኚ ነበር። ዕድሜሽን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ትቆጣለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ በርከክ ብላ የሱሪዬን ጫፍ ያዘች፣ ገለበጠችው። የሰፋችው እሷ ናት። ከውስጥ በኩል የታጠፈውን ጨርቅ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ አሳየችኝ።

«ስፌት የበላው የት የሄደ ይመስልሃል?» አለች። «ይኸውልህ፣ እዚህ ነው ያለ። ሰው አያየውም እንጂ ልብሱን የያዘው እሱ ነው። እሱን ብቆርጠው ሱሪህ ገበያ መሃል ይተረተርና ጉድህ ይፈላ ነበር፣ ቲቸር።»

 ቆሜ አለቀስሁ፤ ትልቅ ሰውዬ፣ የሱሪዬ እግር እንደተገለበጠ። እሷ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና መሳቢያውን ሳበች። አሮጌውን ደብተር አውጥታ መኪናው ላይ ዘረጋችው።

«እስክሪብቶ አለህ?»

ኪሴ ውስጥ የነበረው ቀዩ ብቻ ነው። ስሰጣት አፈርሁ፤ እሷ ግን ልብም አላለችው። ጎንበስ ብላ፣ ቀለሙ ከደበዘዘው ከዚያ እኩል ይሆናል ቀጥሎ፣ በቅንፍ ኤክስ ሲቀነስ ሦስት፣ በቅንፍ ኤክስ ሲደመር ሦስት ብላ ጻፈች። ነጥብ አደረገችበት። እኔ ያበቃን መስሎኝ እጄን ስዘረጋ እስክሪብቶውን አልመለሰችልኝም። ገጹን ገለጠች። የእኔን ጠማማ ሀ ሁ ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፣ አንድም ሳትዘልል። ከዚያ ጥጉ ላይ ትልቅ የራይት ምልክት አደረገችበት።

«ይህን ሳላርምልህ ነበር የቀረሁ» አለች።